መንገድ የሚለቁት አስተናጋጅ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስታ የምትሄድ ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ "ኮቴ ሰማሁ" ባለች ቁጥር "አይጥ ነው እትዬ፣ አይጥ!" እያልኩ ሳበሽቃት ነው ያደግኩት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ልቦና ሳጠና ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ሰው ጥላ አየሁ ሲለኝ ስለ ዓይን አሠራር፣ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ ስለ ጆሮ አሠራር እየተነተንኩ ጓደኞቼን ሁሉ አሰለቸሁ። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ በሳቅ እፈርስ ነበር፣ እመኑኝ። ግን ማንም አላወራኝም፣ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ እንዲያውም በትክክል ከተባለ በሌላ ሰው ዓይን ነው ያየሁት፣ ቆይ ይገባችኋል።

ስሜ ሰብለ ነው፣ ለትምህርት ሐዋሳ መጥቼ በዚያው የቀረሁ፣ አሁን አንድ ጥናት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ጥናቱ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፣ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቁልፍ ሲጫን ሳይሆን እንዲሁ በዕለት ኑሮው ላይ እያለ፣ ሲነዳ፣ ሲገበያይ፣ ሲሠራ፣ በልቡ የያዘው ነገር ዓይኑን ወዴት ወዴት እንደሚመራው ማየት ነው። ለዚህ የሚሆን መነጽር አለን። ከፊት ያለችው ካሜራ ሰውየው ፊት ያለውን ትቀርጻለች፣ ከውስጥ ያሉት ሁለት ትናንሽ ካሜራዎች ብሌኑን ይከታተላሉ፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ዓይኑ ባረፈበት ቦታ ሁሉ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ትታያለች። የባጃጅ ሾፌሮች አድርገውልኛል፣ ሐይቁ ዳር አሳ የሚሰነጥቁ ልጆችም አድርገውልኛል፣ ከሁሉም ግን ልቤን የወሰዱት ጋሽ ላሊሞ ናቸው።

ጋሽ ላሊሞ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ አሳ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ናቸው፣ ስድሳን አልፈዋል፣ እስክሪብቶ በእጃቸው ይዘው ያያቸው ሰው የለም። ሰባት ሰው ተቀምጦ ሲንጫጫ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዳምጣሉ፣ "እሺ" ይላሉ፣ ወደ ኩሽናው መስኮት ሄደው "ሁለት ጥብስ፣ አንዱ ደረቅ ያለ! አንድ ጉላሽ! ሦስት ዱለት፣ አንዱ ቃሪያ አይንካው! አንድ ሾርባ!" ብለው ይጣራሉ፣ ሲያመጡት አንዲት ሳህን አትሳሳትም። አንድ ቀን አናደዱኝ መሰለኝ፣ ስድስት ሆነን ሄደን እሳቸው ኩሽና ሲሄዱ ቦታ ተቀያየርን፣ ጃኬት ሁሉ ተለዋወጥን። መጡ፣ ትንሽ ቆሙ፣ ፈገግ አሉና የእያንዳንዳችንን በየፊታችን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ጃኬት ተለዋወጣችሁ እንጂ ሆድ አልተለዋወጣችሁም" አሉኝ። አቤት የሳቅነው ሳቅ!

"እንዴት ነው የሚያስታውሱት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አላስታውስም እኮ" አሉኝ። "ሰውየውን አየዋለሁ፣ የፈለገው ነገር ፊቱ ላይ አለ፣ የኔ ሥራ ማድረስ ብቻ ነው።"

እኔ ስንት ዓመት መጽሐፍ ላይ ያፈጠጥኩበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ሲነግሩኝ፣ በቅናት ይሁን በአድናቆት እንጃ፣ ማስታወሻዬን አውጥቼ ቃል በቃል ጻፍኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ቤቱን የጀመሩት እማማ አስካለ የሚባሉ ሴት ናቸው፣ በሸራ ዳስ ሥር ሁለት አግዳሚ ወንበር ይዘው ሲጀምሩ ጋሽ ላሊሞ አብረዋቸው ነበሩ። እማማ አስካለ እኔ ቤቱን ከማወቄ በፊት ነው ያረፉት፣ አሁን የሚያስተዳድረው ልጃቸው ሳምሶን ነው። ሳምሶን ክፉ ሰው አይደለም፣ ይቸኩላል እንጂ። ባለፈው ሁዳዴ አንድ ቀን ሂሳብ ልከፍል ስል ጠራኝና "ሰብሊ፣ ከፋሲካ በኋላ ጋሼን ላሳርፈው ነው፣ ትእዛዝ የምንቀበልበት ታብሌት ልናስገባ ነው፣ እሱ ደግሞ መዘንጋት ጀምሯል" አለኝ።

"ማ? ጋሽ ላሊሞ? አብደሃል እንዴ?"

"ስሚኝማ። በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሙቅ ውሃና ግማሽ ሎሚ ይዞ ሄዶ ሾላው ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ሰው የለም እኮ! ባዶ ወንበር! አንዳንዱ ደንበኛ በስልኩ እየቀረጸ ይስቅበታል። እኔን ያሳደገ ሰው ነው፣ መሳቂያ ሲሆን ቆሜ አላይም።"

ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ አፌ አይታሰርም፣ "በቃ ማስረጃ አመጣልሃለሁ" አልኩት። መነጽሩን አርብ ቀን አደርግላቸዋለሁ፣ ቤቱ ጢም ብሎ በሚሞላበት ቀን፣ አንድ ስህተት ከተገኘ እንዳልክ አድርግ፣ ካልተገኘ ግን ሰውየውን ተዋቸው አልኩት። አሰበ አሰበና "ቪዲዮውን ራሴ ካየሁት እሺ" አለኝ። እንግዲህ የጋሽ ላሊሞ እንጀራ በእኔ መነጽር ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ለእሳቸው "ለጥናት ነው" አልኳቸው። ዋሸሁ፣ እሳቸውም መዋሸቴን አውቀዋል። መነጽሩን እየለኩ "ፈተና ነው አይደል?" አሉኝ፣ መልሴን ሳይጠብቁም ጫማቸውን አዩና "ልጄ፣ እኔ ቤት ብቀመጥ ይሄ እግር ጠዋት ጠዋት ወዴት ሊሄድ ነው?" አሉ። ማሰሪያውን አጥብቄ ዞር አልኩ።

አርብ ደረሰ። ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወውና፣ ሁዳዴ ሲገባ አሳ ቤት መቆሚያ የለውም፣ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ይሞላል፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ የሚጾሙት ሲመጡ እንደገና ይሞላል። መነጽሩን ከመጀመራችን በፊት ነጥብ በተሠራባት ወረቀት ፈተንኩት፣ ዓይናቸው ካረፈበት ላይ አረንጓዴዋ ነጥብ ቁጭ ትላለች። ሲጨርሱም እንደገና ፈተንኩት፣ ያው ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገኛለች።

ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዬ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። መብራት ጠፋ እንድላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል፣ አልጠፋም፣ ቦግ ብሎ በርቶ ነበር፣ የጽዳት ሠራተኞቹም ኮሪደሩ ላይ እየሳቁ ባልዲ ይጎትታሉ። እና እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፣ ገና ስለሌላው ነገር አይደለም፣ ስለ ሰውየው ችሎታ ነው የማወራው። አረንጓዴዋ ነጥብ የአንድ ሰውዬ ባዶ ብርጭቆ ላይ ታርፋለች፣ ሰውየው እጁን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የአንዲት ሕፃን ክርን ላይ ታርፋለች፣ የጋሽ ላሊሞ እጅ ሄዶ ለስላሳውን ወደ መሐል ይገፋዋል፣ ክርኗ የሚወናጨፈው ከዚያ በኋላ ነው። አሥራ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ስህተት የለም! ብቻዬን ሆኜ አጨበጨብኩ፣ ወላሂ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ጋሽ ላሊሞ ኩሽናው መስኮት አጠገብ ቆመው ሾርባ እየጠበቁ ነው፣ አይንቀሳቀሱም፣ ስለዚህ ምስሉም ቀጥ ብሎ ቆሟል። በግራ የኩሽናው በር ይታያል፣ ከበሩ ተነስቶ ወደ ሾላው ዛፍ የሚሄደው የአሸዋ መንገድ ይታያል፣ ከዛፉ ወዲያ ያቺ ጠረጴዛ አለች፣ ከኋላዋ ሐይቁ። መንገዱ መሐል አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ እንደ ልማዱ የአሳ ጭንቅላት እየጠበቀ ተገትሯል። ነጥቧ በሩ ላይ ነበረች። ድንገት ምስሉ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ጋሽ ላሊሞ ግማሽ እርምጃ ወደ ግድግዳው ተጠጉ ማለት ነው፣ ሰው ሲያልፍ መንገድ እንደምንለቀው። ማንም አላለፈም። ከዚያ ነጥቧ ከበሩ ተነስታ በመንገዱ ላይ መሄድ ጀመረች።

መሄድ ስል ልብ በሉልኝ። እስቲ አሁን ያላችሁበት ክፍል ውስጥ ዓይናችሁን ባዶው ግድግዳ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱት። ዓይናችሁ የተንሸራተተ ይመስላችኋል፣ ግን አልተንሸራተተም፣ ዘለለ፣ እዚህ አረፈ፣ እንደገና ዘለለ። የሰው ዓይን እንዲያ ነው የተሠራው፣ ሳይዘል ለስለስ ብሎ የሚሄደው የሚሄድ ነገር ይዞ ሲከተል ብቻ ነው፣ ወፍ፣ መኪና፣ ሰው። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም፣ ገና አንደኛ ዓመት ላይ የምናስተምረው ነገር ነው። የጋሽ ላሊሞ ዓይን አልዘለለም። ነጥቧ ከበሩ እስከ ሾላው ድረስ ቀስ ብላ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ባዶ አሸዋ ላይ ተንሸራታ ሄደች። አባ ኮዳው ጋ ስትደርስ አባ ኮዳው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ተራመደ፣ ስታልፍ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ሾላው ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ትንሽ ዝቅ አለች፣ ቆየች፣ እንደገና ከፍ ብላ ቀጠለች፣ ወንበሩ ጋ ደረሰችና እዚያው ቀረች። ከዚያ ጋሽ ላሊሞ ሙቅ ውሃውንና ሎሚውን ይዘው ሄዱ።

ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እንደገና ከፈትኩት። የሳህን ድምፅ፣ የሰው ጫጫታ፣ ከሱ ሥር ደግሞ የነጠላ ጫማ ድምፅ አለ፣ አንዱ እግር የሚጎተት ዓይነት፣ ሸርተት፣ ቸብ፣ ሸርተት፣ ቸብ። ነጥቧ ሾላው ጋ ስትቆም እሱም ቆመ። "ከኩሽና ነው" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለማን እንደምናገር እንጃ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር አብሬ ወጣሁ፣ ከዚያ በፊት ነክቼ የማላውቀውን ባልዲ ሳግዛቸው ሳይገርማቸው አልቀረም።

በማግስቱ ለአለቃዬ ለዶክተሩ አሳየሁት። "መሣሪያው ነው" አለ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አሳየሁት፣ ከመጀመሪያም በመጨረሻም ትክክል ነው። ደጋግሞ አየውና ጢሙን እያሻሸ "አንድ ሰው ነው፣ ከጥናቱ አውጪው" ብሎኝ ወደ ስብሰባ ሄደ። አይ ሳይንስ!

እኔ ግን ጭንቀቴ ሌላ ነው። ይህን ሳምሶን ካየ "ይኸው፣ የሌለ ነገር ያያል" ብሎ ሰውየውን ቤታቸው ሊያስቀምጣቸው ነው። ስለዚህ ምን አደረግኩ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ያለውን ቆረጥኩት። አዎ ቆረጥኩት፣ ውቀሱኝ። ሰኞ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት ሄጄ ሳምሶን ፊት አስቀመጥኩት፣ ብርጭቆውን፣ የሕፃኗን ክርን፣ አሥራ አራቱን ጠረጴዛ አየ፣ "ወይ ጋሼ! ወይ ጋሼ!" እያለ ጭኑን መታ። ሲያልቅ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

"ዘጠኝ ሰዓቱስ?"

"ባትሪው አለቀ።"

"ሰብሊ፣ ውሸት አይሆንልሽም።"

ሙሉውን ከፈትኩለት፣ ምን ላድርግ። መጀመሪያ ከንፈሩን መጠጠ፣ "አየሽ አይደል?" አለኝ። ነጥቧ ሾላው ጋ ደርሳ ዝቅ ስትል ግን ፊቱ ተለወጠ፣ እጁን ዘርግቶ ቪዲዮውን አቆመው።

"ጉልበቷ" አለ።

"የማን ጉልበት?"

"የእናቴ። ጾም ስትሆን እስከ ዘጠኝ እህል አትቀምስም፣ ዘጠኝ ሲሆን ከኩሽና ትወጣለች፣ እዚህ ጋ ስትደርስ ግራ ጉልበቷ ይይዛታል፣ ዛፉን ተደግፋ ጎንበስ ብላ ታሸዋለች፣ ከዚያ ሄዳ እዚያ ትቀመጣለች። ጋሼ ሙቅ ውሃ ከሎሚ ጋር ያመጣላታል።" ጣቱን ነጥቧ ላይ አደረገ። "እኔ ውሃውን ብቻ ነበር ያየሁት፣ እንዲህ መሆኑን እንዴት አላሰብኩም?"

ማዳመጫውን ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ ሰማው። በሦስተኛው ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ የማላውቃቸው ሴትዮ ናቸው እኮ!

ጋሽ ላሊሞ ሲገቡ ሳምሶን ተነስቶ ትከሻቸውን ያዘና "ጋሼ፣ ያንን ውሃ ለማን ነው የምታስቀምጠው?" አላቸው፣ በቁጣ አይደለም።

"እናንተ አስቀመጥክ ስትሉኝ እሰማለሁ" አሉ ሽማግሌው፣ አፍረው። "እኔ ግን ሳስቀምጥ ራሴን አላውቅም። እጄ ነው መሰለኝ።"

"መንገድስ ለማን ነው የለቀቁት?" አልኩ እኔ፣ አላስችል ብሎኝ።

"መንገድ ለቀቅኩ እንዴ?" በጣም ገረማቸው። አንድ የማይገባው ተማሪ እንደሚታይ አዩኝና፣ "ለቅቄም ከሆነ፣ ሰው ሲያልፍ ነዋ የሚለቀቀው" አሉ። ከዚያ ሽርጣቸውን አስረው ጠረጴዛ መጥረግ ጀመሩ።

ሳምሶን ከዚያ ወዲህ ስለ ማሳረፍ አንድ ቃል አልተናገረም። ታብሌቶቹ መጡ፣ ልጆቹ ይጠቀሙበታል፣ ለጋሽ ላሊሞም ተሰጥቷቸዋል፣ እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲያዳምጡ ታብሌቱን በዚያው በጀርባቸው ይይዙታል። ሾላው ሥር ያለችው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ "ተይዟል" የምትል እንጨት ትቀመጣለች፣ ያስቀመጣት ሳምሶን ራሱ ነው።

እኔ ግን አልተውኩትም፣ ታውቁኛላችሁ አሁን። ለራሴ አስረዳሁት። ጋሽ ላሊሞ እኚህን ሴት ስንት ዓመት ሲሄዱ አይተዋል፣ የሴትዮዋ አካሄድ እሳቸው ውስጥ ቀርቷል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ገላቸው ራሱ መንገድ ይለቃል፣ እጃቸው ራሱ ሎሚ ይቆርጣል። ይሄ ያምራል፣ ስለ ሰው ከማውቀው ነገር ሁሉ ይሄን ያህል የሚያምር የለም፣ አንድ ሰው ሌላውን እስከዚህ ድረስ ልብ ብሎ ኖሮ ያኛው ከሞተ በኋላ እንኳ ሳያውቀው መንገድ ለቆ ያሳልፈዋል። እሺ፣ አባ ኮዳውም በራሱ ጊዜ ተራምዷል እንበል፣ ጫማውም የኩሽና ነው እንበል። የዓይናቸው አካሄድ ግን አልፈታልኝ አለ፣ ትዝታ ዓይንን ያዘልላል እንጂ አያንሸራትትም። መነጽሩን ራሴ አድርጌ እሞክራለሁ ብዬ ሁለቴ ሄድኩ፣ ሁለቴም ከቦርሳዬ ሳላወጣው ጥብሴን በልቼ ተመለስኩ። ፈርቼ ነው፣ ምን ያስዋሸኛል።

ሰኔ ላይ፣ የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነው፣ ሄለን የምትባል የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ መጣችና ረቡዕ ቀን አሳ ልጋብዛት ወሰድኳት። ይህን ታሪክ ትንፍሽ አላልኳትም፣ ትስቅብኛለች። ከበላን በኋላ እጃችንን ልንታጠብ ተነሳን፣ መታጠቢያው ኩሽናው በር አጠገብ ነው፣ እኔ ስለ ቤት አከራዬ ውሻ እያወራኋት ነው፣ ስለ ውሻው ብቻ ነው የማስበው፣ እመኑኝ።

"ማናቸው?" አለችኝ ሄለን።

"ማን?"

"አሁን ዞር ብለሽ ያሳለፍሻቸው።" ወዲያና ወዲህ አየች፣ ግራ ገባት። "ጎንበስ ብለሽ ሰላም አልሽ እኮ። ሰው ያለ መስሎኝ እኔም መንገድ ለቀቅኩ።"

ጀርባዬ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። መቼ እንደተጠጋሁ አላውቅም። በአሳ ዘይት የተለወሰችው እጄ ደረቴ ላይ ነች፣ ትልቅ ሰው ስንሳለም እንደምናደርጋት። ቀና ስል ጋሽ ላሊሞ ሳህን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመዋል፣ እሳቸውም ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብለዋል፣ አየኋቸው፣ አዩኝ፣ አብሮ እንደሚሠራ ሰው አንገታቸውን ነቀነቁልኝና ሎሚ ሊቆርጡ ገቡ። በንጹሕ እጄ ስልኬን አውጥቼ አየሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ይላል።

ትዝታ ነው እንዳልል፣ እኔ እማማ አስካለን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም።